የወረዳ በጀት እውነት ድህነትን ይቀንሳል? ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሴፍቲኔትና ስለ ኮቴ

ጥያቄ፦ «በአንድ የገጠር ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የበጀት ባለሙያ ነኝ። ከክልል የሚመጣልን ድጎማ አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። በየስብሰባው ‹የውስጥ ገቢያችሁን አሳድጉ› እንባላለን፤ ከወረዳችን ሕዝብ ግን ብዙው ለምግብ ዋስትና ድጋፍ በሚሰጠው ሴፍቲኔት ውስጥ ነው። እውነት የወረዳ በጀትና ሴፍቲኔት ድህነትን ይቀንሳሉ? ወይስ ዝናብና መንገድ የሠሩትን እኛ የሠራን እያስመሰልን ነው ሪፖርት የምናደርገው? ሕዝቡን ሳንጎዳ ገቢ የምናሳድግበት መንገድስ አለ?»

ምላሽ፦

አጭሩ መልስ «አዎ፣ ይቀንሳሉ» ነው። የሚቀንሱበት መንገድ ግን በዓመታዊ ሪፖርት ላይ ጎልቶ ከሚጻፈው ይለያል። ሪፖርት የሚያደምቀው የተመረቀውን ሕንፃና የተቆረጠውን ሪባን ነው። ድህነቱን ይበልጥ የነካው ግን እርስዎ «ለደመወዝ ይሄዳል» ብለው በቅሬታ የጠቀሱት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከእሱው ልጀምር።

ወረዳ ለገበሬው የሚያደርሰው አገልግሎት ማለት መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርና ባለሙያው ናቸው። ደመወዛቸው የአገልግሎቱ ዋጋ እንጂ ከአገልግሎቱ የተቀነሰ ወጪ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ታውጆ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል ጥቅል ድጎማ ወደ ወረዳ መውረድ ሲጀምር፣ ትልቁ ለውጥ ወረዳው ሠራተኛ ቀጥሮ ማሰማራት መቻሉ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን ሲያቆሙ እንኳ ይህን መስመር አልበጠሱትም። በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ገንዘቡን ወደ ክልልና ወረዳ ማውረዱን ቀጠሉ፤ የተከፈለበትም በዋናነት የእነዚሁ የቀበሌ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ለጋሽ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ መክፈል አይወድም፤ ሰሌዳ የሚተከልበት ነገር ይመርጣል። እዚህ ላይ ግን ልማዱን ትቶ ጥሩ ሠራ እላለሁ።

ውጤቱን በሕፃናት ሞት ማየት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ሁሉንም ለደመወዝ መስጠት አይቻልም፤ ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ የእናቶች ትምህርትና መንገዱም አሉበት። ነገር ግን ክትባቱንም አጎበሩንም ጎጆ ድረስ ያደረሱት በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ የሚከፈላቸውም ከወረዳ ነው። በግብርናውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 በ15 የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮች ቤተሰቦችን የተከታተለ ጥናት፣ የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቢያንስ አንድ ጊዜ የጎበኘው ቤተሰብ ድሃ የመሆን ዕድሉ በ9.8 የመቶኛ ነጥብ፣ በክረምት የማይቋረጥ መንገድ ያገኘው ደግሞ በ6.9 የመቶኛ ነጥብ ቀንሶ አግኝቷል። እንግዲህ «መንገድ ነው የሠራው» ለሚለው ጥርጣሬዎ ግማሽ መልሱ ይኸው ነው። መንገዱ በእርግጥ ሠርቷል፤ ወረዳው የከፈለው ባለሙያ ያደረገው ግን ከመንገዱ አያንስም።

ችግሩ ደመወዙ መብዛቱ ሳይሆን ከደመወዙ ጎን የሚቆመው ሥራ ማስኬጃ መሟጠጡ ነው። እንበል ከ100 ብር 90ው ለደመወዝ ወጣ። በቀረው 10 ብር ውስጥ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ ጠመኔ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የመኪና ጥገናና የስብሰባ ሻይ ቡና ይሻማሉ። ሲጨንቅ መጀመሪያ የሚቆረጠው ደግሞ የቀበሌው ነው፤ የጽሕፈት ቤቱ መኪና ነዳጅ አያጣም። የጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ክትባት የሚመጣው ዘመቻ ሲኖር ብቻ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሞተር ሳይክል ቤንዚን ካጣ ሰውዬው ደመወዙን እየተቀበለ ቢሮ ይውላል፤ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ያለው በሬ ግን ሳይከተብ ይሞታል። በዚህ ጊዜ 90 ብሩም አብሮ ባከነ ማለት ነው። እርስዎ ካሉበት ወንበር ድህነት ላይ ለውጥ የሚያመጣ አንድ ውሳኔ ጥቀስ ብባል፣ አዲስ ቅጥር ከመጠየቅ በፊት ላሉት ሠራተኞች የመንቀሳቀሻ ገንዘብ መመደብን ነው የምጠቅሰው። ቤንዚንና መድኃኒት የሚያስፈልገው በጥቅምትና በጥር ነው። በጀት ዓመቱ ሲያልቅ የሚደረገው የሰኔ ግዢ ወንበርና ጠረጴዛ ከማብዛት ያለፈ ፋይዳ የለውም።

የሥራ ማስኬጃው መሳሳት በእናንተ ወረዳ ስንፍና ብቻ የመጣም አይደለም። የ2016 የፌዴራል በጀት ለክልሎች የመደበው ድጎማ 214 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 በመጀመሪያ ከጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ውስጥ 222.7 ቢሊዮን ሆነ። ጭማሪው 4 በመቶ ቢሆን ነው። የዋጋ ንረቱ ግን 2016 ሲያልቅ ወደ 20 በመቶ ይጠጋ ነበር፤ በዚያው ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ገንዘቡ በቁጥር ጨመረ፣ በመግዛት አቅም ግን አነሰ ማለት ነው። ደመወዝ ደግሞ በሕግ የታሰረ ስለሆነ አይቀነስም፤ የደመወዝ ማስተካከያ ሲመጣ እንዲያውም ይጨምራል። ስለዚህ ንረቱ በሙሉ የሚያርፈው ያችኑ 10 ብር ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ክልሎችም ለወረዳ የራሳቸውን ቀመር ያወጣሉ። ክርክሩ ሁልጊዜ «ማን ስንት በመቶ ወሰደ» የሚለው ላይ ይቆማል። የተከፋፈለው ብር ምን ያህል ይገዛል የሚለውን የሚያነሳ ብዙም አይሰማም።

ወደ ሴፍቲኔቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ያለው ማስረጃ ከብዙ ሰው ግምት የተሻለ ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በየዓመቱ የሚራበው ሰው ማን እንደሆነ ከታወቀ በየዓመቱ የድረሱልኝ ጥሪ እያሰሙ እህል ከመጠበቅ አስቀድሞ በጀት መያዝ ይሻላል የሚል ነው። መሥራት የሚችል ቤተሰብ በአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን፣ በዓመት ለስድስት ወር በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ይሰማራል፤ የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ። መነሻ ክፍያው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። የዓለም ባንክ የ2003 ዓ.ም.ን የቤተሰብ ፍጆታ መረጃ ይዞ ባደረገው ግምገማ፣ የሴፍቲኔት ክፍያ ብቻውን ብሔራዊውን የድህነት መጠን በሁለት የመቶኛ ነጥብ ዝቅ እንዳደረገ አስልቷል። በዚያ ጊዜ የድህነቱ መጠን 29.6 በመቶ ስለነበር ይህ ትንሽ አይደለም። ለአምስት ዓመት ክፍያ ያገኙ ቤተሰቦችን ለአንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ያነጻጸረ ሌላ ጥናት ደግሞ የአምስት ዓመቶቹ በዓመት ውስጥ ጠግበው የሚያድሩበት ጊዜ አንድ ወር ያህል እንደረዘመ፣ ከብታቸውም ጥቂት እንደጨመረ አሳይቷል። አንድ ወር ሲባል ያንስ ይሆናል፤ ያቺ ወር ነሐሴ ከሆነች ግን ቤተሰቡ የዘር እህሉን ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ብሩ በወቅቱ ሲደርስ ነው፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ዋናው ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ሥራው የሚሠራው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። የቀበሌው ስም ጥሪ ዘግይቶ መጣ፣ አንድ ስም ተሳስቶ ፔይሮሉ ተመለሰ፣ ፈራሚው ለስብሰባ ክልል ሄደ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የየካቲት ክፍያ ግንቦት ላይ ይደርሳል። እስከዚያ እናትየው ምን አደረገች? ከነጋዴ በወለድ ተበደረች፤ ወይም እርጉዝ በጓን የፋሲካ ገበያ ካለፈ በኋላ በወረደ ዋጋ ሸጠች። ግንቦት ላይ ብሩ ሲመጣ በቀጥታ ወደ አበዳሪው ይሄዳል። በወረቀት ላይ ሙሉ ክፍያ ተፈጽሟል፤ ኦዲተርም ምንም ጉድለት አያገኝም። ያደገው ግን የአበዳሪው ሀብት ነው። የክፍያውን መጠን የሚወስነው ፌዴራል መንግሥትና ለጋሽ ነው፤ የክፍያውን ቀን ግን በአብዛኛው ወረዳ ይወስናል።

«ሴፍቲኔት ሰውን ሰነፍ አደረገ» የሚል ቅሬታም ሳይደርስዎት አይቀርም። በወር አምስት ቀን ድንጋይ ተሸክሞ እርከን የሚሠራ ሰው ሰነፍ ሲባል ይገርመኛል፤ የሆነ ሆኖ ስለ ሥራ ገበያው ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ከከተማ ነው። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ለ604,000 ሰዎች ታቅዶ ሲጀመር፣ በአዲስ አበባ ቀድመው የሚገቡት ወረዳዎች በዕጣ ተለዩ። ዕጣ በመሆኑ የገቡትንና ያልገቡትን ወረዳዎች በትክክል ማነጻጸር ተቻለ። ተጠቃሚዎቹ መንገድ በማጽዳትና አካባቢ በማልማት ሲሰማሩ በግል ቀጣሪ ዘንድ የሚሠሩበት ጊዜ ቀነሰ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሚቀጠር ሰው ሲያንስ የቀን ሥራ ዋጋ ወጣ። ፕሮግራሙ በሁሉም ወረዳ ሲዳረስ የግሉ ዘርፍ ደመወዝ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምር ተመራማሪዎቹ አስልተዋል። የደመወዙ ጭማሪና የሰፈሩ መጽዳት ሲታሰቡ ለድሃው የደረሰው ጥቅም ክፍያው ብቻውን ከሚያሳየው ስድስት እጥፍ ሆኗል። ስለዚህ በሴፍቲኔት መዝገብ ስሟ የሌለ ልብስ አጣቢም ተጠቅማለች። ቀጣሪ የሚያማርረውም በዚህ ምክንያት ስለሆነ ቅሬታውን ስንሰማ ከማን እንደመጣ ማየት አይከፋም። በገጠር ወረዳ ውጤቱ በልክ ይኸው ይሆናል አልልም፤ የሥራ ገበያው ሌላ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄዎ፣ ወደ ውስጥ ገቢ። ገቢ አሳድጉ መባሉ በራሱ ስህተት የለበትም። የራሱ ገቢ የሌለው ወረዳ የራሱ ውሳኔ አይኖረውም። ነገር ግን ገቢ ተብሎ በዕቅዱ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ይዩት። ከመንግሥት ሠራተኛ የሚቆረጠው የሥራ ግብር በብዙ የገጠር ወረዳዎች ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል፤ እሱ ደግሞ ከላይ የመጣው ድጎማ ዞሮ ሲመለስ ነው እንጂ አዲስ ሀብት አይደለም። የገጠር መሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በሄክታር የሚሰላ በመሆኑ ዝናብ የቀረበትን ዓመት ከጥጋቡ ዓመት አይለይም። ከዚያ አነስተኛው ነጋዴ አለ፤ ደረጃ «ሐ» እየተባለ በቁርጥ ግምት ይከፍል የነበረው። ይህን መስመር ያለ ጥናት ማጥበቅ ምን እንደሚያስከትል በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምቱ ሲወጣ አይተናል፤ በኦሮሚያ ከተሞችና በአዲስ አበባ ሱቆች ተዘጉ።

የቀረው ኮቴ (ገበያ ከሚገባ ከብት የሚሰበሰበው ክፍያ)፣ መዋጮና የአገልግሎት ክፍያ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይህ ነው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሆነች እናት በጓን ይዛ ገበያ ስትገባ ኮቴ ትከፍላለች። የመሬት መጠቀሚያ፣ ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ መዋጮ፣ ለጤና መድህን ዓመታዊ መዋጮ ይጨመርበታል፤ ተፋሰስ ልማቱ ላይ በነፃ የምትሠራቸው ቀናት በገንዘብ ባይሰሉም ጉልበቷ ናቸው። እያንዳንዱ ክፍያ ለየብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንድ ላይ ሲደመሩ ምን እንደሚሆን የሚያሰላ ቢሮ ግን የለም፤ ሴፍቲኔቱ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው፣ ኮቴው ማዘጋጃ ቤት፣ መሬቱ ገቢዎች፣ መዋጮው ቀበሌ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የዓለም ባንክ ግምገማ በአገር ደረጃ ይህን ሞክሮት ነበር። መንግሥት የሚወስደውና የሚሰጠው ተሰልቶ ሲያበቃ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለው ልዩነት በጥቅሉ ጠብቧል፤ ይሁንና ከ10 ቤተሰብ አንዱ ገደማ ወይ ድሃ ሆኖ ሳለ ይበልጥ ደኽይቷል፣ ወይ ወደ ድህነት ገብቷል። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ወስደው ለሦስት የሴፍቲኔት ቤተሰቦች የዓመቱን ክፍያ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ደምሩት፤ ለካቢኔ የሚቀርብ ከዚህ የተሻለ ሰነድ አይኖርም።

የተጋነነ የገቢ ዕቅድ ሌላም አደጋ አለው። የወረዳው በጀት ድጎማና የውስጥ ገቢ ተደምሮ ነው የሚጸድቀው። ክልሉ በግድ ያስሞላው የገቢ ዕቅድ ካልተሰበሰበ ጉድለቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ የደመወዝ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። በዚያ ላይ ለገበሬው በዱቤ የተሰጠ ማዳበሪያ አለ፤ ክልሉ በጀቱን ዋስ አድርጎ የገባበት ስለሆነ ዕዳው ካልተመለሰ ከድጎማው ይቆረጣል። በቀድሞው ደቡብ ክልል በአንዳንድ ዞኖች መምህራንና የጤና ሠራተኞች ለወራት ደመወዝ ያጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ከላይ እንዳልኩት ደመወዙ አገልግሎቱ ከሆነ፣ ያኔ የተቋረጠው የሠራተኛው ኑሮ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ከየት ይምጣ? ከመሬት፤ ግን ከገበሬው እርሻ ሳይሆን ከከተማው ቦታ። በወረዳችሁ ዋና ከተማ አስፋልቱ ወይም ጠጠር መንገዱ ሲመጣ ዋናው ጎዳና ላይ ያለ ቦታ ዋጋው ስንት እጥፍ ሆነ? ያንን ዋጋ የፈጠረው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ባለቤቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው በ1968 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ዘመን በተሰላ ተመን ነው። አዲስ አበባ ይህን ተመን የከለሰችው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን በጥር 2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል፤ አሰባሰቡም የክልሎችና የከተሞች ነው። እንደ መምህሩ ደመወዝተኛ የሆነውንና በዚያች ደመወዝ ቤት ሠርቶ የሚኖረውን ነፃ የሚያደርግ ወለል አስቀምጦ፣ ባለ ፎቁንና ቦታ አጥሮ የያዘውን ማስከፈል ይቻላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የማዘጋጃ ቤት ገቢ የከተማው ስለሆነ ለቀበሌ ጤና ኬላ አይውልም። ቢሆንም ከተማው የራሱን ውኃና ጥርጊያ መንገድ በራሱ ገንዘብ ከሠራ የወረዳው ካፒታል በጀት ለገጠሩ ይተርፋል። ፖለቲካው ግን ቀላል አይደለም። ዋናው ጎዳና ላይ ቦታ ያለው ሰው ካቢኔው ውስጥም ዘመድ አያጣም፤ ኮቴ የምትከፍለው ሴት ግን ማንም የላትም። ኮቴ በየዓመቱ የሚጨምረው፣ የቦታ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ባለበት የቆየው ሌላ ምስጢር ኖሮት አይደለም።

የጤና መድህኑን ጠቅሼ ሳልመለስበት እንዳልቀር። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የመክፈል አቅም የሌላቸውን ወጪ ክልሉና ወረዳው እንዲሸፍኑ ያደርጋል። ይህን መስመር በበጀት ዝግጅት ጊዜ አትቁረጡት። ሴፍቲኔት አምስት ዓመት ያጠራቀመውን ጥሪት አንድ የሆስፒታል አልጋ በሁለት ሳምንት ያስሸጣል።

ዝናብ ወይስ እኛ ለሚለው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ በአገር ደረጃ ነጥሎ መናገር ከባድ ነው የሚል ነው። ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. ድህነት ከ29.6 ወደ 23.5 በመቶ ሲወርድ፣ በከተማ ከ25.7 ወደ 14.8፣ በገጠር ከ30.4 ወደ 25.6 ነበር የወረደው። የገጠሩ ፍጥነት ያነሰው በ2007 እና 2008 የኤልኒኖ ድርቅ ስለነበረ ጭምር ነው፤ እና በዚያ ድርቅ ላይ የገጠሩ ድህነት ጨርሶ አለመጨመሩ ራሱ ለሴፍቲኔቱ ምስክር ሊሆን ይችላል። ጦርነት ባለበት ቦታ ግን ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም። ጤና ኬላው ተዘርፎ፣ ባለሙያው ተፈናቅሎ ሳለ በጀት ወጣ ማለት ወረቀት ነው።

በወረዳ ደረጃ ግን ማወቅ ይቻላል፤ ጥናት አስጠኚ መቅጠርም አያስፈልግም። አንድ ዓይነት ዝናብ የሚያገኙ፣ ከመንገድም ተመሳሳይ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ቀበሌዎችን ይምረጡ፤ በአንዱ ሥራ ማስኬጃውና የሴፍቲኔት ክፍያው በወቅቱ የደረሰበት፣ በሌላው የዘገየበት ይሁን። ሦስት ነገር ይጠይቁ። ለአረም የቀን ሠራተኛ በሐምሌ ስንት ይከፈለዋል? በሚያዝያና በግንቦት ከትምህርት ገበታ የቀረ ልጅ ስንት ነው? ሰኔ ላይ በወለድ የተበደረ ቤተሰብ ስንት ነው? የመጀመሪያውን ማንኛውም ገበሬ ይነግርዎታል፣ ሁለተኛው በርእሰ መምህሩ መዝገብ ላይ አለ። ሦስተኛውን ለመንግሥት ሠራተኛ በግልጽ የሚነግር የለምና በዕድሩ ዳኛ በኩል ይሞክሩት።